ጥያቄውን የሚጠይቀው ማነው?

ቅዳሜ ማታችሁን ለውሃ ወሬ ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ረከቦቱ ከወዲያ ጥግ ተዘርግቶ ሳየው ንግግሬን ማርዘም እንደሌለብኝ ገብቶኛል፤ ብቻ አቦል እስኪወርድ ታገሡኝ። ሌላ መሆኑን ካልገለጽሁ በቀር ዓመታቱን የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ቦሌ ላይ አውሮፕላን ስንሳፈር ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር ከፍ ብለን ነው። ስኪፖል ስናርፍ ግን ጎማው የሚነካው መሬት ከባሕር ወለል ሦስት ሜትር ያህል ዝቅ ያለ ነው። ቦታው ሐይቅ ነበር፤ በእንፋሎት ፓምፕ ተመጥጦ በ1852 ደረቀ። ከደጋ ተነስተን የሐይቅ ወለል ላይ ነው ያረፍነው፤ ሻንጣችንን የተቀበልነው፣ ፓስፖርታችንን ያስመታነው እዚያ ነው። እዚህ ሮተርዳም አሌክሳንደር ሰፈር የምትኖሩ ደግሞ ከዚያም ትወርዳላችሁ። ከከተማው ወጣ ብሎ ኒውከርክ አን ደን አይሰል የሚባለው ቦታ 6 ሜትር ከ76 ሳንቲሜትር ዝቅ ይላል፤ የአገሩ ዝቅተኛ ሥፍራ ነው ይሉታል።

ከባሕር በታች ያለ መሬት ለእኛም ብርቅ አይደለም። ዳሎል ከባሕር ወለል ከመቶ ሜትር በላይ ይወርዳል። ግን ዳሎል ላይ ጨው የሚቆርጠው ሰው ሌሊት ውሃ ይመጣብኛል ብሎ አይሰጋም። እዚህ ባሕሩ ደጃፍ ላይ ነው። በእኛና በእርሱ መሐል ያለው ዳይክ የሚሉት፣ ሣር የለበሰ፣ በጎችም የሚግጡበት የአፈር ክምር ነው። በብስክሌት ስታልፉ ምንም አይመስልም።

እንግዲህ ያ የአፈር ክምር ስንት ሜትር ይሁን ብሎ የወሰነው ማነው? ማንን ጠይቆ? የዛሬ ወሬዬ ይኸው ነው። ሊቃውንት ስለ ባሕር ዳርቻ የሰጡት ምክር የተሰማበትን ጊዜ፣ ሳይሰማ የቀረበትን ጊዜ፣ ተሰምቶም ጎዶሎ ሆኖ የተገኘበትን ጊዜ ላጫውታችሁ ነው። አስቀድሜ ሐሳቤን ልንገራችሁ፤ በኋላ ልትሞግቱኝ ትችላላችሁ። ሳይንስ የሚመልሰው የተጠየቀውን ነው። መልሱ ሲጎድል ጥፋቱን መላሹ ላይ መለጠፍ ልማዳችን ሆኗል፤ እኔ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጠያቂውን እጠረጥራለሁ።

ከመቶ ዓመት በፊት የታተመ የኔዘርላንድ ካርታ ብታገኙ መሐል ሆዱ ተቦድሷል። ዛውደርዜ የሚባል የጨው ባሕር ከሰሜን ገብቶ እስከ አምስተርዳም ደጃፍ ይደርስ ነበር። ኮርኔሊስ ሌሊ የሚባል ኢንጂነር ይህን ባሕር በረጅም ዳይክ እንዝጋው የሚል ዕቅድ በ1891 አወጣ። ዓመታት አለፉ። በ1916 ጎርፍ መጣ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ እህል ጠፋ፤ አዲስ የእርሻ መሬት ያስፈልጋል ተባለና በ1918 ሕጉ ጸደቀ። ያን ጊዜ ሌሊ ራሱ ሚኒስትር ነበር።

የሰሜን ሰዎች፣ ፍሪስላንዶች፣ አንድ ጥያቄ ይዘው ቆሙ። ባሕር በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ ጨረቃ ናት የምትጎትተው። እስከዛሬ ሙላቱ ሲመጣ ወደ ዛውደርዜ ይገባ ነበር። በሩ ከተዘጋበት ያ ሁሉ ውሃ የት ሊሄድ ነው? እኛው ላይ ሊቆለል አይደል? ጥሩ ጥያቄ ነው። ገበሬ የጠየቀው ጥያቄ ነው ብዬ አስባለሁ፤ ውሃ ሲዘጋበት ጎረቤት ማሳ ላይ እንደሚወጣ መስኖ የሠራ ሁሉ ያውቃል።

መንግሥት ለዚህ ኮሚሽን አቋቋመ፤ ሊቀ መንበሩም ሄንድሪክ ሎሬንትስ ሆነ። በ1902 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘ፣ አንስታይን እንደ አባት የሚያከብረው ሰው ነው። ያጠናው ስለ ብርሃንና ስለ ኤሌክትሮን እንጂ ስለ ጭቃና ስለ አሸዋ አልነበረም፤ ዕድሜውም 65 ደርሷል። ስሙን ለወረቀቱ ማሳመሪያ አውሶ ሥራውን ለወጣቶች መተው ይችል ነበር። እርሱ ግን ቁጭ ብሎ አሰላ። ኮምፒውተር የለም። ከባሕሩ ሥር ያሉትን ሰርጦች እንደ መንገድ መረብ ከፋፍሎ በእያንዳንዱ ስንት ውሃ በምን ፍጥነት እንደሚያልፍ፣ ወለሉ ውሃውን ምን ያህል ይዞ እንደሚያዘገየው በእርሳስና በወረቀት መረመረ። ስሌቱን መጀመሪያ አስቀድሞ በተለካ ሙላት ላይ ፈተነው፤ ሲሠራለት ነው ወደ ወደፊቱ ያዞረው። ስምንት ዓመት ፈጀበት። ሪፖርቱ በ1926 ወጣ።

ምን አለ? ፍሪስላንዶች ትክክል ናቸው አለ። ከዳይኩ ውጭ ባለው ዳርቻ ሙላቱ ከፍ ይላል፣ በማዕበል ጊዜ ደግሞ ይብሳል፤ ስለዚህ የውጭ ዳይኮቹ አስቀድመው ከፍ ይደረጉ። ከዚያም አልፎ አዲሱ ዳይክ ፍሪስላንድ ላይ የሚያርፍበትን ቦታ አስቀየረ፤ ፒያም ከምትባለው መንደር ወደ ሰሜን፣ ወደ ዙሪኽ። ስዊስ ያለችው አይደለችም፣ ትንሽ መንደር ናት። አስቡት፤ ፓርላማ ያጸደቀው ዕቅድ በአንድ ስሌት ምክንያት ተገፍቶ ሌላ ቦታ ሄደ። አፍስላውትዳይክ የሚባለው 32 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ዳይክ በግንቦት 28 ቀን 1932 ተዘጋ። ከዚያ በኋላ የተለካው ሙላት ከሎሬንትስ ስሌት ጋር ተቀራርቦ ተገኘ። ሎሬንትስ አላየውም፤ በ1928 ሞቷል። ኮርንቬርደርዛንት ላይ ውሃው የሚለቀቅባቸው በሮች ግን በስሙ ይጠራሉ። ወደ ፍሪስላንድ በመኪና ከሄዳችሁ በላያቸው ታልፋላችሁ።

ይህን ታሪክ መሐንዲሶች ሲናገሩት ደስ እያላቸው ነው፤ እኔም ደስ ይለኛል። ነገር ግን አንድ የጎደለ አለ። ዛውደርዜ የሄሪንግና የአንቾቪ ዓሣ ባሕር ነበር፤ ዳርቻው ላይ ያሉ ብዙ ከተሞች በዚያ ይኖሩ ነበር። ባሕሩ ተዘግቶ ጨው ውሃው ጣፋጭ ሲሆን ያ ዓሣ አለቀ። ለአጥማጆቹ የካሣ ሕግ በ1925 ወጣላቸው፤ ጀልባቸው ግን ሥራ ፈታ። ሎሬንትስ የተጠየቀው የውሃ ቁመት ነበር፤ ቁመት መለሰላቸው።

ሁለተኛው ታሪክ መራራ ነው። ዮሃን ፋን ፌን የመንግሥት የውሃ ሥራ መሥሪያ ቤት ኢንጂነር ነበር። በ1930ዎቹ በደቡብ ምዕራቡ ወሽመጦች ዙሪያ ሲለካ ሲያሰላ ከረመና ዳይኮቹ ዝቅተኛ እንደሆኑ፣ ማዕበል ከሚገመተው በላይ ውሃ ሊያመጣ እንደሚችል ደረሰበት። ተናገረ፤ ጻፈ። ጦርነት መጣ፤ ጦርነቱ ሲያልቅ የፈረሰ አገር መጠገን ነበረበት፤ ገንዘብ የለም። ወረቀቱ ከመሥሪያ ቤት ወደ መሥሪያ ቤት ዞረ። ሰውዬው ቀልደኛ ነበርና ካሳንድራ በሚል የብዕር ስም ይጽፍ ጀመር። ካሳንድራ በግሪኮች ተረት እውነቱን የምትናገር፣ ማንም ግን የማያምናት ነቢይ ናት። ወሽመጦቹን በግድብ እንዝጋ የሚለው ዕቅዱ ለሚኒስትሩ የቀረበው በጥር 29 ቀን 1953 ነው። ቀኑን ያዙልኝ።

ከሁለት ቀን በኋላ፣ ቅዳሜ ማታ፣ ከሰሜን ምዕራብ ኃይለኛ ነፋስ ተነሣ። ጨረቃዋም ሙላቱን ከፍ የምታደርግበት ጊዜ ነበር። የሚትዮሮሎጂ መሥሪያ ቤቱ አደጋውን አይቶ ነበር፤ አደገኛ የውሃ ከፍታ ይጠበቃል የሚል ቴሌግራም ላከ። የተላከው ግን ለአገልግሎቱ ደንበኞች ነው፤ ከአካባቢ ሹማምንት ብዙዎቹ ደንበኞች አልነበሩም። ሬዲዮ እኩለ ሌሊት ላይ ሥርጭቱን ዘጋ። በእኛ አቆጣጠር ጥር 24 ቀን 1945 ዓ.ም.፣ የተክለ ሃይማኖት ዕለት፣ ለእሑድ አጥቢያ በደቡብ ምዕራቡ ዜላንድ ውስጥ ዳይኮቹ አንድ በአንድ ተናዱ። ፍሊሲንገን ላይ ውሃው ከተለመደው የባሕር ወለል 4 ሜትር ከ55 ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ ተለካ። በኔዘርላንድ ብቻ 1836 ሰው ሞተ። ጣሪያ ላይ ወጥተው እርዳታ ሲጠብቁ በብርድ ያለቁ፣ ሁለተኛው ሙላት እሑድ ከሰዓት መጥቶ የወሰዳቸው ብዙ ናቸው።

እዚሁ አጠገባችን የሆነውን ልንገራችሁ። ኒውከርክ አን ደን አይሰል ላይ ያለው ዳይክ ንጋት ላይ ተቦደሰ። ከጀርባው ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው የሚኖርበት፣ እኛ ዛሬ የተቀመጥንበት ዝቅተኛ አገር አለ። ከንቲባው ወንዙ ላይ የነበረ አንድ የጭነት ጀልባ ባለቤት ጠርተው ጀልባህን ስንጥቁ ውስጥ ሰንቅረው አሉት። አሪ ኤፈግሩን ይባላል። መራውና ገባ፤ ውሃው ራሱ ጀልባውን እንደ መዝጊያ ዳይኩ ላይ አጋደመው። ያዘ። ሐውልት አቁመውለታል፤ ደልፍት ተማሪ ሳለሁ በብስክሌት ሄጄ አይቼዋለሁ። ነፋሱ ፊት ይገርፋል፣ ወንዙ ጸጥ ብሎ ይፈሳል፤ ያቺን የምታክል ጀልባ ያን ሁሉ ሕዝብ ማዳኗ ለማመን ይከብዳል። አገር በስሌት ይጠበቃል ስንል፣ አንዳንድ ጊዜ በአንድ ሰው ድፍረት እንደዳነም መርሳት የለብንም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፤ ጎርፉ በደረሰ በሦስተኛው ሳምንት የዴልታ ኮሚሽን ተቋቋመ። ጸሐፊው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ፋን ፌን። ለሚኒስትሩ የገባው ዕቅድ አሁን የዴልታ ዕቅድ ተብሎ የአገር ዕቅድ ሆነ።

ሎሬንትስና ፋን ፌን ሁለቱም ትክክል ነበሩ። አንዱ ተጠይቆ መለሰ፣ ሌላው ሳይጠየቅ መለሰ። ለሎሬንትስ ጠያቂው ቆሞ ይጠብቀው ነበር፤ ስምንት ዓመት ጠበቀው፣ መልሱ ሲመጣም የሚያውልበት ቦታ ነበረው። ፋን ፌን መልሱን ይዞ ጠያቂ ፍለጋ በር ሲያንኳኳ ኖረ። ምከረው ምከረው እምቢ ካለ መከራ ይምከረው የምንለው ለዚህ ነው፤ መከራ ሲመክር ግን የሚያስከፍለው ብዙ ነው።

የዴልታ ኮሚሽኑ አንድ የሒሳብ ሊቅ ቀጠረ፣ ዳቪድ ፋን ዳንትሲክ። እርሱ ዳይኩ ምን ያህል ከፍ ይበል የሚለውን ጥያቄ ለሁለት ሰነጠቀው። አንድ ሜትር ለመጨመር ስንት ብር ይወጣል? አንድ ሜትር ባለመጨመራችን ልናጣ የምንችለውስ ስንት ነው? ሁለቱን ሚዛን ላይ አስቀመጣቸው። ከዚያ ሥራ በኋላ ለመካከለኛው ሆላንድ የተወሰነው ልክ፣ ዳይኩ በየዓመቱ ከ10,000 አንድ ዕድል ያለውን ሙላት ይቋቋም የሚል ነው። ይህን ስነግራቸው ጓደኞቼ እንግዲያው አሥር ሺህ ዓመት እንተኛ ይሉኛል። አይደለም። አሥር ሺህ የሎተሪ ዕጣ አስቡ፣ አንዱ ክፉ ነው። በየዓመቱ አንድ ታወጣላችሁ፣ መልሳችሁ ትጨምሩታላችሁ። ክፉው ዘንድሮ ሊወጣ ይችላል፤ ዘንድሮ ወጥቶም ከርሞ ሊደገም ይችላል።

ከአሥር ሺህ አንድ የሚለውን ቁጥር ግን ተፈጥሮ አልሰጠችንም። ሒሳቡ የሚነግራችሁ ለየትኛው ደኅንነት ስንት እንደምትከፍሉ ነው። ስንት ልክፈል የሚለው የገበያተኛው ውሳኔ ነው፤ እዚህ አገር ፓርላማ ወሰነው። ከ2017 ጀምሮ ደግሞ ሕጉ ሌላ መልክ ያዘ፦ ከዳይክ ጀርባ የሚኖር ማንኛውም ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ በጎርፍ የመሞት ዕድሉ ከ100,000 አንድ እንዳይበልጥ። ማንኛውም ሰው ነው የሚለው። በርበሬ ቀንጥሳ የምትሸጠውም፣ ሚኒስትሩም። ይህ ፍትሕ ነው እንጂ ሳይንስ አይደለም፤ ሳይንሱ ይህን ፍትሕ በሜትርና በሳንቲሜትር ተረጎመው።

ሦስተኛው ታሪክ ኦስተርስኬልደ ነው፤ እኔ አብዝቼ የምወደው። የዴልታ ዕቅድ ይህን ታላቅ ወሽመጥ በ1978 ሙሉ በሙሉ በግድብ ሊዘጋው ነበር። ሕጉ በ1958 ወጥቷል፣ ሥራው ተጀምሯል፣ ገንዘቡ እየወጣ ነው። ዜላንድ ውስጥ 1953ን ያዩ ሰዎች ዝጉልን፣ ቶሎ ዝጉልን ይላሉ። ማን ይፈርድባቸዋል? ይርሰከ የምትባለው ከተማ ያሉ ሙስልና ኦይስተር የሚያረቡ ሰዎች ግን አይሆንም አሉ። ዛጎል ለበሱ ፍጥረት የሚኖረው ባሕሩ ገብቶ ሲወጣ ነው፤ የቆመ ውሃ ውስጥ አያድርም። የባዮሎጂ ተመራማሪዎች ከጎናቸው ቆሙ። ወሽመጡ ውስጥ ውሃው ሲጎድል የሚታየው የአሸዋና የጭቃ ሜዳ በአሥር ሺዎች ለሚቆጠሩ ወፎች መሶብ ነው አሉ። ከ1953 ጀምሮ የተጠየቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፦ ሕዝቡ እንዴት ይዳን? አሁን ሁለተኛ ጥያቄ ተጨመረ፦ ሕዝቡ ድኖ ባሕሩስ በሕይወት ይኑር?

መሐንዲሶቹ አጉረመረሙ። ግማሽ መንገድ ተሂዷል። መንግሥት ኮሚሽን አቋቋመ፤ በ1974 ካቢኔው ግድቡ ይቅርና የሚከፈትና የሚዘጋ በር ይሠራ አለ፤ ሁኔታም አስቀመጠ። በተወሰነው ጊዜና ገንዘብ ውስጥ የሚቻል መሆኑ ካልታየ ወደ ግድቡ እንመለሳለን። ይህች ሁኔታ መሐንዲሶቹን እልህ ውስጥ ከተተቻቸው መሰለኝ። በ1976 ይቻላል ተባለ። 65 የኮንክሪት ምሰሶ፣ እያንዳንዱ እስከ 18,000 ቶን የሚመዝን፣ በመካከላቸው 62 የብረት በር። በሮቹ ዓመቱን ሙሉ ክፍት ናቸው፤ ውሃው ሦስት ሜትር ሊደርስ ነው ሲባል ብቻ ይወርዳሉ። ንግሥት ቤያትሪክስ በጥቅምት 4 ቀን 1986 መርቀው ከፈቱት። ዛሬ ይርሰከ ሙስሏን ትሸጣለች፤ ብራስልስ ላይ ከድንች ጥብስ ጋር የምትቀርብላችሁ ከዚያ ልትሆን ትችላለች። ጾም ካልሆነ ቅመሱ፤ እኔ አልወደድኩትም።

ጎረቤት ወሽመጥ ሃሪንግፍሊት ሁለተኛው ጥያቄ ሳይጠየቅለት በ1970 ተዘጋ። ሳልሞን ከባሕር ወደ ራይን ወንዝ የሚወጣበት በር ነበር። ከብዙ ክርክር በኋላ በ2018 በሮቹን ገርበብ አደረጓቸው። ለዓሣ ተብሎ የተከፈተ ስንጥቅ ነው፤ ለመክፈት ግን ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላ ምን ቀረው?

ኦስተርስኬልደም ቢሆን ሙሉ ድል አይደለም። በሩ ክፍት ቢሆንም ምሰሶዎቹ ጉሮሮውን አጥብበውታል፤ ውሃው እንደ ድሮው በኃይል አይገባም። በኃይል የማይገባ ውሃ አሸዋ ከሰርጡ አንሥቶ ሜዳው ላይ አይመልስም። ማዕበል ግን ሜዳውን መላጥ አልተወም። የተላጠው አሸዋ ሰርጥ ውስጥ ይወድቅና እዚያው ይቀራል። ደቾቹ የአሸዋ ረሃብ ይሉታል፤ ስም ማውጣት ይችሉበታል። ሜዳው በየዓመቱ ዝቅ ይላል፣ ወፎቹም ውሃው ጎድሎ የሚመገቡበት ሰዓት ያጥራል። በ2019 ሮገንፕላት የሚባለው ሜዳ ላይ ከአንድ ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ አሸዋ አምጥተው አፈሰሱበት። ረሃቡን አያድነውም፤ ለተወሰኑ ዓመታት ያስታግሠዋል። ሁለት ጥያቄ ተጠይቆ ሁለት ተመለሰ፤ የአሸዋው ሦስተኛ ነበር።

አሁን ወደ ጥርጣሬ ልምጣ፤ ባለሥልጣናት ሲጨንቃቸው የሚደበቁበት ዋሻ ነውና። ሊቃውንቱ እርግጠኛ አይደሉም፣ ስለዚህ እንቀጥል ይላሉ። በሰሜኑ ዋደን ባሕር ኮከል የምትባል ትንሽ ዛጎል ለበስ በማሽን ትታፈስ ነበር። ማሽኑ የባሕሩን ወለል ይፈቀፍቃል። ወለሉን ይጎዳል ወይ? የወፎቹን ምግብ ያሟጥጣል ወይ? ጥናቱ ለዓመታት ተካሄደ፣ ክርክሩም አብሮ ቀጠለ፣ ፈቃዱም በየዓመቱ ይታደስ ነበር። ተፈጥሮ ጠባቂ ማኅበራት ከሰሱ፤ ጉዳዩ ሉክሰምበርግ የአውሮፓ ፍርድ ቤት ደረሰ። በመስከረም 7 ቀን 2004 ፍርድ ቤቱ የወሰነው ባጭሩ ይህ ነው፦ በተጠበቀ ሥፍራ ላይ ፈቃድ የሚሰጠው ሥራው ሥፍራውን እንደማይጎዳ ምንም ሳይንሳዊ ጥርጣሬ ሳይኖር ሲረጋገጥ ብቻ ነው። በቀጣዩ ዓመት በማሽን ማፈሱ ዋደን ባሕር ላይ ቆመ።

ምን እንደተለወጠ አያችሁ? ከዚያ ቀን በፊት ሊቃውንቱ ሲጠራጠሩ የሚጠቀመው ማሽኑ ነበር። ከዚያ በኋላ የሚጠቀሙት ወፎቹ ሆኑ። ዕውቀቱ በአንድ ቀን አልጨመረም፤ የጥርጣሬውን ዕዳ ማን ይሸከም የሚለው ነው የተገለበጠው። ዕዳ ተሸካሚውን መወሰን የዳኛና የሕግ አውጪ ሥራ ነው። ባዮሎጂስቱን አንተ ወስን ማለት ደግሞ ጨካኝነት ነው፤ አስቀድሞ ያልመረጠውን ሸክም ማሸከም ነውና።

ጥያቄው በደንብ ሲጠየቅ ደግሞ ምን ያህል እንደሚያምር ማየት የሚፈልግ በበጋ እሑድ ከዘ ሄግ ወደ ኬይክዳውን ወርዶ ያለውን የባሕር ዳር ይጎብኝ። የሆላንድ ዳርቻ አሸዋ ነው፤ ባሕሩ ይበላዋል። ከ1990 ጀምሮ የበላውን ያህል መልሰን እንሙላለት የሚል ፖሊሲ አላቸው፤ በዓመት 12 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል አሸዋ ያፈስሳሉ። አንዳንድ ሊቃውንት ሌላ ነገር ጠየቁ፦ በየጊዜው በጥቂት ጥቂቱ ከምናፈስስ አንዴ ብዙ ቆልለን ማከፋፈሉን ለራሱ ለባሕሩ ብንተውለትስ? በ2011 21.5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ አሸዋ ባንድ ቦታ ቆለሉ፤ የአሸዋ ሞተር ብለው ሰየሙት። ነፋስና ማዕበል እየዘገኑ ዳርቻውን ያለብሱታል። በየጊዜው ሲለካ ቆይቷል። ከባሕር ወለል በተቆፈረው አሸዋ ውስጥ የማሞዝ አጥንት ይገኛል፤ ልጆች ውሰዱና ፈልጉ፣ ከስልክ ይሻላቸዋል።

ይህ ሁሉ እያለ ባሕሩ ከፍ እያለ ነው። የአገሩ ሚትዮሮሎጂ መሥሪያ ቤት በ2023 ባወጣው ግምት የዓለም ጭስ ካልቀነሰ በ2100 በኔዘርላንድ ዳርቻ ከ59 እስከ 124 ሳንቲሜትር ከፍታ ይጠበቃል፤ የአንታርክቲካ በረዶ ከተፈረካከሰ 2.5 ሜትርም ሊደርስ እንደሚችል አልደበቁም። ፖለቲከኛ አንድ ቁጥር ስጡኝ ይላል። ሐቀኛ ሊቅ ከዚህ እስከዚህ ነው ይላል፤ አንድ ቁጥር ብቻ የሚሰጣችሁን ሰው ተጠራጠሩት።

ደልፍት ውስጥ የውሃ ትምህርት የሚሰጥ ተቋም ከ1957 ጀምሮ አለ፤ ከእኛ አገር ብዙ ኢንጂነሮች ተምረውበታል፤ ከመካከላችሁም አሉ። ባሕር የለንም፣ ሐይቅ ግን አለን፤ ሐይቅም ዳርቻ አለው። የሐረማያ ሐይቅ ለሐረር ከተማ ውሃ ያጠጣ ነበር፤ እያየነው ደረቀ፣ ከዓመታት በኋላ ነው ውሃ መልሶ የያዘው። ጣና ላይም በ2011 እምቦጭ ታየ። ጥናት አልጎደለንም። ጥናቱ መደርደሪያ ላይ አቧራ የሚጠጣው፣ ቆሞ የሚጠብቀው ጠያቂ ስለሌለው ነው። ነገር ግን ዛሬ የአገር ቤቱን ትቼ እዚህ ባለንበት ልጨርስ።

በየዓመቱ ቤታችሁ የሚመጣ፣ አብዛኞቻችን በምሬት የምንከፍለው የዋተርስካፕ ግብር ደብዳቤ አለ። ዋተርስካፕ ዳይኩን የሚጠብቅ፣ ፍሳሹን የሚያጣራ፣ በየቦዩ ያለው ውሃ ስንት ሳንቲሜትር ይቁም ብሎ የሚወስን ምክር ቤት ነው። ከመንግሥቱ ከራሱ በዕድሜ ይበልጣል፤ ራይንላንድ የሚባለው ዋተርስካፕ የመብት ደብዳቤ የተጻፈው በ1255 ነው። ዛሬ 21 ናቸው። እዚያ ውስጥ አሁንም አንድ ጥያቄ እያሟገተ ነው። ገበሬው ከብቱ እንዳይሰምጥ ቦዩ ዝቅ ይበል ይላል። ውሃው ዝቅ ሲል ግን ከሥሩ ያለው የረግረግ አፈር አየር ያገኝና ይበሰብሳል፤ መሬቱ ይሰምጣል፣ ጭሱ ወደ ሰማይ ይወጣል፣ የድሮ ቤቶች የቆሙበት የእንጨት ምሰሶም ይበሰብሳል። ሊቃውንቱ የሚሉትን ብለዋል። የሚቀረው ለማን ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው።

ዛሬ ቤት ስትገቡ ኦቨርስትሮም ኢክ የሚባለውን ድረ ገጽ ክፈቱና የፖስታ ኮዳችሁን አስገቡ። ዳይኩ ቢናድ ውሃው እናንተ ጋ ስንት ሜትር እንደሚደርስ ይነግራችኋል፤ የትኛው ፎቅ ላይ መውጣት እንዳለባችሁም ታያላችሁ። ከዚያ የዋተርስካፕ ምርጫ መቼ እንደሆነ ቀን ያዙ። በየአራት ዓመቱ በመጋቢት ነው። ድምፅ ለመስጠት የደች ፓስፖርት አይጠየቅም፤ 18 ዓመት መሙላትና በሕጋዊ ፈቃድ እዚያው መኖር ይበቃል።